«ፋይሎቹም ይጥፉ?»

ማሙሽ፣

ፊት ለፊት ልነግርህ አቅም ስላጣሁ ጽፌልህ ወደ ሥራ ሄጃለሁ።

ኮምፒውተሩ ሞላ ሞላ እያልክ ስትነዘንዘኝ ከረምክ አይደል? ይኸው ዛሬ ጠዋት አጸዳሁልህ። ደስ ይበልህ።

ፋይል እንድንጋራበት ለእማዬ፣ ለአንተና ለእኔ ኮምፒውተሩ ላይ የከፈትኩትን «ቤት» የሚለውን ቡድን ሰረዝኩት። እሷ ካረፈች ወዲህ ማንም አልገባበትም ብዬ ነው። «የቡድኑ ፋይሎችም ይጥፉ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ሳላነበው «አዎ»ን ተጫንኩ። ቢሮ አንድ የሥራ ክፍል በተዘጋ ቁጥር የማደርገው ይህንኑ ነው፤ እጄ ለምዶበታል።

እማዬን እያስወራን የቀዳነው ድምፅ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ትዝ ያለኝ ከጠፋ በኋላ ነው።

ቅጂ የለውም። የሰው ፋይል ስጠብቅ እየዋልኩ ለራሳችን ቅጂ አልያዝኩም። የፈለግከውን በለኝ።

ምሳህ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። አሙቀህ ብላ፤ ምድጃውን ማጥፋት እንዳትረሳ።

ደግሞ ስልክህን እይልኝ። እማዬ «የት ደረስክ? እራትህ ቀዘቀዘ እኮ» እያለች የምትልክልህ፣ አንተ ሳትሰማ የምታልፈው የድምፅ መልእክት ነበር። አንድ እንኳ ካለ እባክህ እንዳትነካው።

ለእኔ አንድም ቀን ልካልኝ አታውቅም።
እኔ ሁልጊዜ ቤት ነበርኩ።