የዚነት ምራቂ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን 2007

ጠዋት ነፋስ። አጥቤ ያሰጣሁትን ልብስ አቧራ ስላለበሰው እንደገና አጠብኩ።

ከቀትር በኋላ ቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ። ከአዲስ አበባ የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ሰዎች መጥተው ስለ መብታችን አስረዱ። ዋጋ ይለጠፍ፣ ደረሰኝ ይሰጥ፣ ሚዛን አይጉደል፣ ነጋዴዎች ተመካክረው ዋጋ አይቁረጡ። አንዲት ቀጠን ያለች ልጅ ጥሩ ተናገረች። በየተራው ጻፍኩ፦ አንድ፣ መጀመሪያ ነጋዴውን ጠይቁ። ሁለት፣ ካልተስማማችሁ ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። ሦስት፣ ከዚያ ካለፈ ወደ እኛ።

ሌላው ሰው ያዛጋል። እስክሪብቶ የያዝኩት እኔ ብቻ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤና ጥቅል ስመዝን ኖሬ ሚዛን ካልገባኝ ለማን ሊገባው ነው?

ስመለስ ከዚነት ሱቅ አንድ ጣሳ ምስር። ሱቋ ከቤቴ ትይዩ ነው፤ አባቷ ከሞቱ ወዲህ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በሱ ነው። እንደ ልማዷ ከጣሳው በላይ አንድ እፍኝ ምራቂ ልትጨምርልኝ ስትል ከረጢቴን ዘጋሁ። የከፈልኩበት ይበቃኛል አልኳት፤ ሁልጊዜ እንደምለው።

«እትዬ ቆንጅት፣ ምራቂ የሌለው እህል ቤት ሲገባ ያፍራል» ብላ ሳቀች።

ያፍር። ደሴ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን ጣታችንን በማስመሪያ እየመታች ያስተማረችን ይህንኑ ነው። ያልከፈልሽበትን አትንኪ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ምስሩን መዘንኩት። ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ የሸለሙኝ ሚዛን አለ፤ አይዋሽም። የኪሎ ጣሳ ተብሎ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ግራም። ሰባ ጎደለ። ሦስት ጊዜ መዘንኩ፤ ያው።

ዚነት?... ስንት ዓመት ስታጎድልብኝ ኖራለች?

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ሌላ ጣሳ ገዛሁ። አሁንም ሰባ ግራም ጎደለ። ለሷ ምንም አላልኳትም። ስትሰፍር እጇን እጇን አያለሁ። እሷ ደግሞ ጉልበቴ ተሻለኝ እንደሆነ ትጠይቀኛለች።

ማመልከቻ ጻፍኩ። አንድ ገጽ፣ ያለ ስርዝ ድልዝ። ሳስገባው ኩራት ተሰማኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ ተሰማኝ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

መጡ። ከወረዳው ጌታሁን የሚባለው ባለሙያ፣ ከባለሥልጣኑ ያቺ ቀጭን ልጅ። ጣሳውን ምስር ሞልተው፣ አፉን በማስመሪያ ጠርገው መዘኑት። ጎደለ። ጉዳዩ እስኪወሰን ሱቁ ታሸገ። ጣሳውን በፌስታል ይዘውት ሄዱ።

ዚነት የታሸገው በር ላይ ቆማ ሻርፗን ስታስተካክል ቆየች። ወደ መስኮቴ አላየችም። መጋረጃውን ለቀቅኩት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ጎረቤቴ አሚና መጣች። ሱቁ ሳይታሸግ የገዛችውን አንድ ጣሳ ምስር በጨርቅ እንደቋጠረችው ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። ሳትቀመጥ፣ እስኪ መዝኝው አለችኝ።

አንድ ኪሎ ከሃያ ግራም።

«የአባቷ ጣሳ ነው፤ አፉ ከተጣመመ ስንት ዘመኑ። መጉደሉን ያላወቀ የሰፈር ሰው አለ? ለዚህ አይደል በእፍኝ የምትሞላው። እምቢ ስትይ የኖርሽ አንቺ ብቻ ነሽ፣ ቆንጅት።»

ሻይ ላፍላልሽ ብላት አልፈለገችም። በሩ ላይ ዞር አለች።

«ፖስታ ቤት ምራቂ የለም፣ አይደል?»

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ማመልከቻዬን ልስብ በባጃጅ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጌታሁን ወንበር ሰጠኝ፤ እስክጨርስ ሰማኝ።

«እማማ፣ ሕግ ምራቂ አያውቅም።»

የአንዷ እፍኝ ሰፊ፣ የሌላዋ ጠባብ ነው፤ ይሄ እንዴት ይለካል አለኝ። ጣሳው እንደሆነ ጎድሎ ተገኝቷል። ልክ ነው። እኔም በሱ ቦታ ብሆን ያንኑ እል ነበር። ስነሣ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ ከማመልከቴ በፊት ዚነትን አነጋግሬያት እንደሆነ። ጣሳውን ያን ጊዜ ብትለውጥ ኖሮ ነገሩ እዚህ አይደርስም ነበር።

ቤት ገብቼ ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩ። ኅዳር 11። «አንድ፣ መጀመሪያ ነጋዴውን ጠይቁ።» በገዛ እጄ ጽሑፍ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

ዚነት ቤት ሄድኩ። የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳት። እንደ ወትሮው ምንጣፉን አራግፋ አስቀመጠችኝ። ያ ባሰብኝ። ማመልከቻውን አሳይተዋት ኖሯል፤ ጽሕፈቴ እንደሚያምር ነገረችኝ።

«እትዬ፣ ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር። ወላሂ፣ እነግርዎት ነበር።»



ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 25

መውሊድ። ሌላ ዓመት በዚህ ቀን ሳህን ሸፍና የምታንኳኳው ዚነት ነበረች። ድቤው እስከዚህ ይሰማል። በሬን ሳልቀረቅር ዋልኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ሱቁ ተከፈተ። ጣሳ የለም። አዲስ ሚዛን፣ ቁጥሩ በቀይ የሚበራ። ዋጋው በካርቶን ተጽፎ ተለጥፏል። ሁሉም ስብሰባው ላይ እንደተባለው።

ከፊቴ አሚና ነበረች። ቁጥሩ አንድ ኪሎ ላይ ሲደርስ ዚነት እጇን ሰበሰበች። አሚና ከረጢቷን ከፍታ ትንሽ ጠበቀች... ከዚያ ቋጥራ፣ እኔን ሳታይ ሄደች።

ተራዬ ደረሰ። ምስሩ ቀስ እያለ ወረደ። ትንሽ ፍሬ ትርፍ መጣ፤ በጣቷ ለቅማ ወደ ጆንያው መለሰችው።

«ልክ ነው፣ እትዬ?»

ልክ ነው አልኳት። ቤት ገብቼ አልመዘንኩትም።

ከረጢቴን ግን ቶሎ አልዘጋሁም። አፉን ከፍቼ እንደያዝኩ ቆምኩ፤ ከኋላዬ ያለው ሰው እማማ ያሳልፉን እስኪለኝ ድረስ።