የአባዬ መኪና በቬንትሌተሩ ፊት

አባዬ፣ አላህ ይዘንልህ።

ከሄድክ ክረምቱ አልፎ በጋውም ሊያልቅ ነው። ሱቅህን አልዘጋሁትም። መርካቶ እንደምታውቀው ነው፤ ቆርቆሮ ተራችን ከጠዋት ጀምሮ ይንኳኳል፣ መዶሻህም እኔ እጅ ነው። እማዬ የቆሰለ ጣቴን እያየች ታጉረመርማለች፣ ምሳዬን ግን አስቀርታብኝ አታውቅም።

አንተ የምትወዳቸው የመኪና እሽቅድድም ቡድኖች የዘንድሮ አዲሶቹን መኪኖች አሳዩ። አቤት፣ ብታያቸው! የመኪኖቹ አሠራር ሕግ ስለተለወጠ ሁሉም በየፊናው ሄዷል። አንዱ የመኪናውን ጎን አቅጥኖ ነፋሱን ቶሎ ያሳልፋል። ሌላው ጎኑን አስፍቶ ነፋሱን ቁልቁል አንሸራትቶ ወደ ኋላው ክንፍ ይልከዋል። አንተ መቼም የሰፊው ወገን ነህ። ቀጭኑን ምግብ ያልበላ እያልክ ስታሾፍበት ትዝ አለኝ፤ ስልኬን ይዤ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ጓደኛህ ጋሼ ሸምሱ ዘንድሮ የኛ ውድድር ይቅር፣ ሐዘን ላይ ነን አሉኝ። እምቢ አልኩ። የየቡድኑን መኪና ከቆርቆሮ ቀጥቅጦ ሠርቶ፣ ላዩ ላይ የስፌት ክር አስሮ ቬንትሌተር ፊት ማቆም አንተ ያመጣኸው ነገር ነው። ነፋሱ በደንብ ያለፈለት፣ ክሩም ብዙ ያልተርገበገበለት ያሸንፋል፣ መጨረሻ የወጣው ለተራው ምሳ ይጋብዛል። ይሄ ካንተ ጋር አይቀበርም አልኳቸው። ሰፊ ጎን ያላትን መኪናህን ራሴ ሠራሁልህ።

ቬንትሌተሩን ላመጣ ስሄድ መኪናህን ለጋሼ ሸምሱ አደራ ሰጠሁ። ስንጀምር ያንተ ክር ፀጥ! ተራው አጨበጨበ። መኪናዋን አዙሬ ከኋላ ባስነፍስባትም ክሩ ንቅንቅ አላለም። በጣቴ ስነካው ለካ በማስቲሽ ተለጥፏል! ጋሼ ሸምሱ አንገታቸውን ደፉ። ስትሸነፍ ማየት አላስቻላቸውም።

ጮህኩባቸው፣ አልዋሽህም። አባቴ አሸንፉኝ እንጂ እዘኑልኝ አላለም አልኩ። ክሩን ነቅዬ አዲስ አሰርኩ።

መጨረሻ ወጣህ፣ አባዬ! ክርህ ሲንቀዠቀዥ ጋሼ ሸምሱ ሳቃቸው አመለጣቸው፣ ከዚያ ሁላችንም። ከቀብርህ ወዲህ ተራው እንዲህ ስቆ አያውቅም። ምሳውን በስምህ ጋበዝኩ።

የመኪናህን ጎን መታጠፊያ ለከርሞ አስተካክለዋለሁ። እኔ እስካለሁ ድረስ መኪናህ በየዓመቱ ከሌሎቹ እኩል ትሰለፋለች፤ አንተም ከአፋችን አትጠፋም። ክርህን ግን ማንም አይለጥፍልህም።

ልጅህ ሀያት