የሰውን ደም ያለ ጓንት ሐይቅ ያሻገሩት የአቶ ሣህሉ አዘዘ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሣህሉ አዘዘ ከአባታቸው ከአቶ አዘዘ ውበቱ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተ ኪዳን ደስታ በሐምሌ ወር 1961 ዓ.ም. በጣና ዳር፣ በዘጌ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አራተኛ ልጅ ነበሩ። ከአምስቱ ልጆች ዝምተኛው እርሳቸው እንደነበሩ እናታቸው ይናገሩ ነበር። ይህን የሕይወት ታሪክ ያዘጋጀችውና የምታነበው የታላቅ እህታቸው ልጅ እናትዓለም ናት። ጽሑፉን እንድታሳምረው ተነግሯታል። የሚያምረውን አስቀድማለች፤ ከዚያ በኋላ ላለው ይቅርታ አትጠይቅም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከመሪጌታ ወልደ ጻድቅ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ዘመናዊውን ትምህርት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ወደ ባሕር ዳር ሄደው ዘጠነኛ ክፍል እንደገቡ አባታቸው በማረፋቸው ትምህርቱን አቋርጠው ተመለሱ፤ በደንገል ታንኳ እንጨት እያመላለሱም እናታቸውን ጦሩ። ከዚያ ዘመን ሁለት ነገር ቀረላቸው። አንዱ የሐይቁ ነፋስ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ማወቅ ነው። ሌላው የእጃቸው ስንጥቅ ነው። ገመዱና መቅዘፊያው መዳፋቸውን ሰነጣጥቀውት ነበር፤ ቅቤ ቢቀባም አይገጥምም። እጃቸውን የጨበጠ ሁሉ ያንን ስንጥቅ ያውቀዋል።

በ1987 ዓ.ም. ከወ/ሮ ፀሐይወርቅ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ መሥርተው ሴት ልጃቸውን ኢትዮጵያን እና ወንድ ልጃቸውን ሀዲስን አፍርተዋል። በትዳራቸው ያለ ምስጋና የበሉበት ማዕድ አልነበረም። አረቄ በአፋቸው አልዞረም። ይህ የመጨረሻው ቃል ኋላ ስለሚያስፈልግ ሰሚዎች ልብ እንዲሉት ጸሐፊዋ ትጠይቃለች።

በ1988 ዓ.ም. ከሐይቁ ዳርቻ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ በጥበቃነት ተቀጠሩ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የበረዶ ሣጥኑ ተሰጣቸው። ሥራው ቀላል ይመስላል። ከበሽተኞች የተወሰደውን ደም፣ አክታና ሽንት በሣጥኑ ይዘው፣ በጀልባ ተሻግረው፣ ባሕር ዳር ላለው ላብራቶሪ ማድረስና ውጤቱን ይዘው መመለስ ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሠሩት። ከሰዓት በኋላ ማዕበል ሲነሣ ብልቃጦቹ እንዳይጋጩ ሣጥኑን ታቅፈው ይቀመጡ ነበር። የብልቃጥ ክዳን አንዳንዴ ይላላል። ሣጥኑም አርጅቶ ጥጉ ተሰንጥቋል። የፈሰሰው በጋቢያቸውና በመዳፋቸው ላይ ይፈስ ነበር፤ ወርደው በሐይቁ ውኃ ይታጠቡታል፤ በሎሚ ያሹታል፤ ይበቃል ይላሉ።

በ1999 ዓ.ም. ጤና ጣቢያው ጓንት አደላቸው። በመጀመሪያው ቀን አድርገውት ወደ ጀልባው መውረጃ ወረዱ። አንዲት እናት የልጃቸውን አክታ ለማስረከብ እዚያ ቆመው ነበር። ስማቸውን አልጽፍም፤ ዛሬም እዚህ ቆመዋል። ጓንቱን ሲያዩ ዕቃውን ወደ ደረታቸው አስጠግተው «ሣህሉ፣ አንተም ተጸየፍኸኝ?» ብለው አለቀሱ። በአገራችን የታመመን መጸየፍ ከመግደል አይተናነስም። አቶ ሣህሉ ጓንቱን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱት፤ ዕቃውንም በተሰነጠቀው እጃቸው ተቀበሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ፊት ጓንት አላደረጉም። ሰው በሌለበትም አላደረጉም፤ ሰው ሳያይ መጸየፍ ይብሳል ይሉ ነበር። ይህን ሁላችሁም በደግነታቸው ስትተርኩት ኖራችኋል። ልቅሶው ላይም ትናንት ሦስት ሰዎች አውርተውታል።

አሁን ጸሐፊዋ ስለ ራሷ መናገር አለባት። በ2011 ዓ.ም. አንድ የጥናት ቡድን በሐይቁ ዙሪያ የሰውነት ፈሳሽ የሚያጓጉዙ ሠራተኞች በሥራቸው ምን የጤና አደጋ እንደሚገጥማቸው ሊያጠና መጣ። አርባ አንድ ሠራተኞች ተመዘገቡ። ዓላማው መልካም ነበር፤ አደጋው ከተረጋገጠ ለሁሉም የጉበት በሽታ ክትባት እንዲሰጥ ሐሳብ ሊቀርብ ነበር። ቡድኑ መረጃ የሚሰበስቡ ወጣቶች ፈለገ። እኔ ያኔ ባሕር ዳር፣ ፔዳ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቼ ሥራ እፈልግ ነበርና ተቀጠርሁ። የገዛ አጎቴን መጠይቅ የሞላሁት እኔ ነኝ።

ዘጠነኛው ጥያቄ «በሥራ ላይ ሳሉ የበሽተኛ ፈሳሽ ቆዳዎን ነክቶት ያውቃል?» የሚል ነበር። አጎቴ እጃቸውን ገልብጠው አዩ። «ነክቶኛል ብል ሣጥኑን ይወስዱብኛል?» አሉኝ።

«ምናልባት» አልኋቸው።

«እንግዲያስ አልነካኝም ብለሽ ጻፊ፣ እናትዬ።»

ጻፍሁ። አሥረኛው ጓንት ምን ያህል ጊዜ እንደሚያደርጉ ይጠይቃል። ምንም ሳይሉኝ «ሁልጊዜ» በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። አጎቴም አርሚው አላሉኝም፤ አድናቆት የመሰለ ነገር በፊታቸው ላይ አየሁ። ብልጥ የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

ደም የሚመረመርበት ቀን ሲደርስ አጎቴ በትኩሳትና በድካም ቤት ተኝተው ነበር። ጥናቱ የሚመረምረው በዚያ ዕለት በሥራ ገበታ ላይ የተገኘውን ብቻ ነው። እንደ እርሳቸው ታመው የቀሩ ሌሎች ሦስት ሠራተኞች ነበሩ። አራቱም «ያልተገኙ» ተብለው ከዝርዝሩ ወጡ። የተመረመሩት ሠላሳ ሰባቱ ጤነኞች ሆነው ተገኙ። ሊሆኑም ይገባ ነበር፤ በሽተኞቹ ቤታቸው ተኝተዋላ! ስለ ሥራ ላይ በሽታ የሚያጠና ጥናት የታመሙትን አውጥቶ ጤነኞቹን ሲቆጥር ማንም አልሳቀም። እኔም አልተናገርሁም። አጎቴ ለምን እንደቀሩ ከሁሉም በላይ የማውቀው እኔ ነበርሁ።

በ2012 ዓ.ም. ውጤቱ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ አዳራሽ ቀረበ። አደጋው ዝቅተኛ ነው ተባለ፤ የክትባቱም ሐሳብ ከሪፖርቱ ወጣ። ከዝርዝሩ የወጡት አጎቴ ግን ከሪፖርቱ ሽፋን አልወጡም። ጓንት አድርገው፣ ሣጥኑን ይዘው፣ ፈገግ ብለው በፎቶ አሉ። ለፎቶው ጓንቱን ያጠለቁላቸው የቡድኑ ሰዎች ናቸው፤ ፎቶው እንዳለቀ አጎቴ አውልቀው መለሱላቸው። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ መቶ ጓንት የያዘ ካርቶን በስጦታ ተሰጠ። አጎቴ ካርቶኑን ወስደው ከቁም ሣጥን በላይ አስቀመጡት፤ እንግዳ ሲመጣ ያሳዩት ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ሆዳቸው አበጠና ሣጥኑን አስረከቡ። የባሕር ዳር ሐኪም በደም የሚተላለፍ የጉበት ቫይረስ ለብዙ ዓመታት ሲበላቸው እንደኖረ፣ ጊዜውም እንዳለፈ ነገራቸው። ሥራቸውን ሲጠይቃቸው «ዕቃ አደርሳለሁ» አሉ። በሽታው ከሥራቸው ለመምጣቱ ማስረጃ አለሽ ወይ የሚለኝ ይኖራል። የለኝም። ማስረጃው ሊገኝ የሚችልባቸው ሁለት ቦታዎች ነበሩ፤ አንዱን፣ መጠይቁን፣ «አልነካኝም» ብዬ የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ሌላውን፣ የደም ምርመራውን፣ ዝም ብዬ አሳለፍሁት።

የመንደሩ ሰው ግን ማስረጃ አልፈለገም። ጉበት ሲባል አረቄ ነው አለ። ቀጥሎ በደም ይተላለፋል ሲባል ከአረቄ የባሰ ነገር ተናገረ፤ የሚስታቸውን ስም ጭምር አነሣ። በበዓል የተጠሩበት ቤት ለብቻቸው ብርጭቆ ተሰጣቸው። በብርጭቆ እንደማይተላለፍ ሐኪሙ ተናግሯል፤ እኔም ቤት ለቤት ዞሬ ተናግሬአለሁ። ጀልባው መውረጃ ላይ ያለቀሱት እናት ምግብ ይልኩላቸው ነበር፤ ሳህኑን በር ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ፤ ባዶውን ሳህን መልሰው አልወሰዱም። አጎቴ ሳህኖቹን አጥበው ይደረድሯቸው ነበር። ከእለታት አንድ ቀን ቆጥረው «አሥራ አንድ ሆነ» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

አቶ ሣህሉ በባሕር ዳር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ትናንት ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ጧት በተወለዱ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው አረፉ። አስከሬናቸው ሃያ አንድ ዓመት በተመላለሱበት ሐይቅ ላይ ተሻግሮ ቤታቸው ገባ። ባለ ጀልባው አስከሬኑ በላስቲክ ካልተጠቀለለ አልጭንም ስላሉ ተጠቀለለ። ሊገንዟቸው የመጡት ሦስት ሰዎችም በሩ ላይ ቆመው ጓንት ጠየቁ። ከቁም ሣጥኑ በላይ ያለውን ካርቶን አውርጄ፣ ማሸጊያውን ቀድጄ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ገናዦቹ አላጠፉም። ደም በሚነካ ሥራ ላይ ጓንት ማድረግ ይገባል፤ አልተጸየፏቸውም። ይህን ለማወቅ አጎቴ መሞት አልነበረባቸውም።

አቶ ሣህሉ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ፀሐይወርቅን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንድ የልጅ ልጅ ትተው ሄደዋል። ካርቶኑ ውስጥ ዘጠና አራት ጓንት ቀርቷል። ልጃቸው ሀዲስ በአባቱ ቦታ ተቀጥሯል፤ ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ሣጥኑን ይዞ ወደ ጀልባው መውረጃ ይወርዳል። ክትባቱን ጀምሯል፤ ካርቶኑንም ይዟል። ጓንት አድርጎ ዕቃችሁን ይቀበላችኋል። ያን ጊዜ ተጸየፍኸን ብሎ የሚያለቅስ ካለ፣ ዛሬ እዚሁ አልቅሶ ይጨርስ።

ያልተጸየፉንን አጎቴን፣ እግዚአብሔር ሳይጸየፍ ነፍሳቸውን በገዛ እጁ ይቀበልልን።