ፊት የማያሳየው ፕሮግራም

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ሦስተኛውንም የቪዲዮ መደወያ ፕሮግራም አወረድኩት። አረንጓዴው አልሆነም፤ መጀመሪያ ዘመናዊ ስልክ ላይ ካልተከፈተ ኮምፒውተር ላይ አልከፈትም ይላል። ቤታችን የነበረው ዘመናዊ ስልክ አንድ ብቻ ነው። እሱም የታምራት ነበር፣ ከሞተሩ ጋር አብሮ ተሰባበረ። ሰማያዊው ጥሩ ነው ግን እህቴ ምሕረት «እሱ እዚህ ቻይና አይከፈትም፣ ሌላ ፈልግ» ብላለች። የቀረኝ ነጩ ነው።

ማንም ስለማያነበው በግልጽ ልጻፍ። ታላቅ ወንድሜ ታምራት ከሞተ ሃያ ሦስት ቀኑ ነው። ምሕረት አታውቅም። ለትምህርት ከሄደች ሁለት ዓመቷ ነው፣ አሁን ፈተና ላይ ናት። የአባባ ታላቅ ወንድም ጋሽ ወልዴ የቀብሩ ዕለት «መርዶ በስልክ አይነገርም። ልጅቷም ፈተናዋን ትጨርስ» አሉ፣ በዚያው ጸደቀ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ታምራት ቢታ ገነት ሥራ አግኝቶ ሄዷል፣ ኔትወርክ የለም ብለናታል። የሞተው ከቢታ ገነት ሲመለስ ነው። ውሸታችን እስከ መንገዱ አጋማሽ እውነት ነው።

እስካሁን በአባባ ተራ ስልክ እየደወለች ሁለት ደቂቃ ታወራ ነበር። ትናንት ግን «ናፍቃችሁኛል፣ ልያችሁ። የታምሬን ኮምፒውተር ከሱቅ አምጡና ናቲ ፕሮግራም ይጫንበት» አለች። ኮምፒውተሩ ቤት ከገባ ሳምንት አልፎታል። የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቁን ስንለቅ ሞኒተሩን እንደ ሕፃን ታቅፌ በባጃጅ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ፕሮግራሙ፦
እሷ ያለችበት የሚሠራ።
ቦንጋ ዝናብ ሲጥል የማይቆራረጥ።
ካሜራ በራሱ የማይከፍት።

ሦስተኛውን አባባ ነው ያስጻፈኝ። እማዬ ፀጉሯን ተላጭታለች፣ ጥቁር ለብሳለች። ፍራሹ ገና መሬት ላይ ነው። የታምራት ፎቶ ግድግዳው ላይ ነው። ምሕረት አንድ ጊዜ ብታየን ይበቃታል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

የአይሲቲ መምህራችንን ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። «ሰው ሁሉ ፊት የሚያሳይ ይፈልጋል፣ አንተ የማያሳይ ትላለህ። ምን ደብቀህ ነው?» ምን እንደደበቅን ነገርኳቸው። ጠመኔውን አስቀምጠው በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። ታምራትንም አስተምረውታል።

ከዚያ ነጩ ላይ «ቪዲዮ ጠፍቶ ግባ» የሚል ምርጫ እንዳለ አሳዩኝ። «ከዚያ በላይ ግን ካሜራው ላይ ፕላስተር ለጥፍበት» አሉ። «ፕሮግራም ይሳሳታል። ፕላስተር አይሳሳትም።»

ለጠፍኩበት። የቁስል ፕላስተር ነው፣ ሌላ አላገኘሁም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ነጩ ጥሩ ነገር አለው። ከመደወል በፊት ድምፅ ይፈትሻል። ትናገራለህ፣ ይቀዳል፣ መልሶ ያሰማሃል። እማዬን አስቀመጥኳትና «የምትያትን ተለማመጂ» አልኳት።

«ምሕረቴ፣ ደህና ነሽ? እኛ ደህና ነን» አለች።

ፕሮግራሙ መልሶ አሰማት። ድምፁ ተሰንጥቋል። ሃያ አምስት ቀን ያለቀሰ ሰው ድምፅ ነው፣ ማንም ያውቀዋል።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

«ኮምፒውተሩ ነው እንዲህ የሚያደርገው» አልኳት።

«አትዋሸኝ። ለሷ የምንዋሸው ይበቃል።» ውኃ ጠጥታ እንደገና ሞከረች። ስድስት ጊዜ «እኛ ደህና ነን» አለች። ስድስቱንም ጊዜ መልሶ አሰማት። በመጨረሻ ተነሥታ «እኔ ጉንፋን ይዞኛል በላት። አንተ አናግራት» አለች።

ታምራት ቢኖር ይሄን ሁሉ በአሥር ደቂቃ ይጨርሰው ነበር። ለእማዬም እያሳቀ ያሳያት ነበር። እኔ ማሳቅ አልችልበትም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ያደረግኩትን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ከትምህርት ቤት እንደመጣሁ ደወልኩ። ዝናብ ነበር ግን መስመሩ ጥርት ያለ ነው። ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። ፕሮግራሙ ስም ሳይጠይቀኝ ከኮምፒውተሩ ወስዶ ኖሯል። እሷ ጋ የታየው «ታምራት» የሚል ነው።

«ታምሬ!» አለች ገና ስታነሣው። «አንተ ሰው! መቼ መጣህ?»

ድምፄ ከወፈረ ወዲህ ሰው ሁሉ ከሱ ጋር ያምታታናል። እኔ ናቲ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ግን ያን ስም በእንደዚያ ዓይነት ደስታ ሲጠራ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው? እኛ ቤት አሁን የሚጠራው በለቅሶ ነው።

«አዎ» አልኩ። «ዛሬ ገባሁ።»

«ድምፅህ ደክሟል።»

«መንገዱ ጭቃ ነው።»

«ካሜራህስ?»

«ተበላሽቷል።»

«የሌላውን ኮምፒውተር ትጠግናለህ፣ የራስህን ትተህ» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እሱ እንደሚስቀው፣ በአፍንጫ። ሆን ብዬ አልነበረም። ጃኬት ልትገዛለት ነው፣ ቁጥርህ ያው ነው ወይ አለች። ያው ነው አልኳት። ነገ የመጨረሻ ፈተናዬ ነው፣ ጸልይልኝ አለች። እሺ አልኳት።

ያወራነው አራት ደቂቃ ገደማ ነው። ዞር ስል እማዬ በሩ ላይ ቆማለች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

እማዬ አልተቆጣችኝም። ቁርስ ሰጥታኝ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ሳቁን ከየት አመጣኸው?»

«የራሴ ነው።»

«አውቃለሁ። ትናንት ግን ፊትህን ካየሁ ወንድምህ ይሄድብኛል ብዬ ነው ጀርባዬን የሰጠሁህ።»

አባባ አልሰማም፣ እኔም አልነገርኩትም።

ጋሽ ወልዴ ምሕረት ካለችበት ከተማ ከሚማሩ ልጆች ጋር በአባባ ስልክ ጨርሰዋል። ፈተናዋን ዛሬ ትጨርሳለች። ነገ ማለዳ ተሰብስበው ቤቷ ሄደው ያረዷታል። ስምንት ናቸው አሉ። «ስምንት ሰው ይበቃል፣ ይደግፏታል» አሉ ጋሽ ወልዴ። ስምንት እንግዳ ሰው። እኔ ዘጠነኛ ብሆን እዚያ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ ጮኸ። እነሱ ጋ ቀትር አልፏል። ምሕረት ዛሬ እንደምትረዳ ጎረቤት ሰምቶ ስለነበር ቤቱ ሞልቷል። ፕላስተሩን ላጥኩት።

ምሕረት ጥቁር ሻርፕ ለብሳለች። ግራና ቀኝ ልጆች ይዘዋታል። እማዬን ስታይ፣ የተላጨ ራሷን ስታይ፣ ጮኸች። እማዬም። ለቅሶው እንደ አዲስ ተጀመረ፣ እዚህም እዚያም። ድምፁ ከኛ ትንሽ ዘግይቶ ነበር የሚደርሳት። እኛ ዝም ስንል የሷ ይቀጥላል።

ጎረቤቶች ተራ በተራ ኮምፒውተሩ ፊት እየቀረቡ አጽናኗት። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ከጠረጴዛው ሥር ላለው የኮምፒውተሩ ሳጥን አጎንብሰው በካፊኖኖ ቋንቋ ብዙ ተናገሩ። «እትዬ፣ ላይ ነው፣ መስታወቱ ላይ» አልኳቸው። «እግዜር እንደሆነ የትም ይሰማል» አሉኝ። ምሕረት በእንባዋ መሃል ፈገግ ያለች መሰለኝ።

ሰዉ ወደ ደጅ ሲወጣ ጠራችኝ።

«ናቲ። ሐሙስ ያናገረኝ ማን ነው?»

ውሸት አለቀብኝ። «እኔ ነኝ።»

ወደ ካሜራው ጠጋ አለች።

«ጠዋት ሲነግሩኝ አላመንኳቸውም። ሐሙስ አናግሬዋለሁ፣ ስቋል አልኳቸው። ተሳስታችኋል ብዬ ተሟገትኳቸው።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ጃኬቱን ገዛሁት።»

ይቅርታ አልኳት። ልዘጋው እጄን ስዘረጋ «እንዳትዘጋው» አለች። አልዘጋሁትም። እሷ አልጋዋ ላይ ግድግዳውን እያየች ተኛች፣ እኔ ወንበሩ ላይ። የሞደሙ የኢንተርኔት ጥቅል እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

እሑድ፣ ሰኔ 15

አባባ ጠዋት ጥቅል ሞላ። ከመደወሌ በፊት ፕሮግራሙ ውስጥ ገብቼ ስም የሚለወጥበትን ፈለግኩ። አገኘሁት። ስድስት ሰባት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁ። የሱን ስም ከዚያ ሳነሣ ከአንድ ቦታ እንደገና የማስወጣው መሰለኝ። በመጨረሻ «ናትናኤል» ብዬ አስቀመጥኩት። ኮምፒውተሩ ሲከፈት የሚመጣውን የሱን ስም ግን አልነካሁትም።

ደወልኩ። አላነሣችም።

እንደገና ደወልኩ። አላነሣችም። እማዬ ከኋላዬ ቆማ «ተኝታ ይሆናል» አለች፣ እዚያ ከሰዓት እንደሆነ እያወቀች። ሁለተኛ ላታነሣው ትችላለች ብዬ አሰብኩ። ሁለቱንም አጣሁ ማለት ነው።

ሦስተኛው ላይ ምስሉ መጣ። ዓይኗ አብጧል። ጃኬቱ ወንበሯ ላይ ተሰቅሏል፣ ሰማያዊ ነው። ስሙን አነበበችና ቀስ ብላ፣

«ናቲ?» አለች።

«አዎ» አልኳት።