ትንሿን ቤት ላሠሩት ርዕሰ መምህር፣ ትልቁን ካጣመመው ግንበኛ

ለተከበሩ የሠፈራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለግንባታ መምህሯ፣ እንዲሁም ዓመቱን ሙሉ መዶሻ ይዘው አንድም ጊዜ ጣታቸውን ላልመቱት ሃያ ሁለት ተማሪዎችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ካለፈው የወላጆች ቀን ወዲህ እንቅልፍ ከማጣቴና እህል አልወርድ ከማለቱ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ምናልባት ካላወቁኝ፣ በሠፈሩ «ኢንጂነር በዓይኔ» የምባለው ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ ሳይሆን አይቼ፣ ሞክሬና ተሳስቼ በተማርኩት ሙያ ሃያ ስድስት ዓመት ቤት ሠርቻለሁ። ስሙ የወጣልኝም ሜትርህ የት አለ ስባል «በዓይኔ ለክቼዋለሁ» ስለምል ነው። እርስዎ በእኔ ላይ ያደረጉትን ሁሉ በሕዝብ ፊት ስላደረጉት፣ እኔም ምስጋናዬን በጓዳ ላደርገው ስላልፈለግሁ ይህን ደብዳቤ በግልጽ ጽፌያለሁ። አቤቱታዎቼ እንደሚከተለው ተዘርዝረዋል።

፩. ስለ ትንሿ ቤት

ሦስት ሜትር በአምስት ሜትር የሆነች፣ አልጋዋ ወደ ግድግዳ ታጥፎ ጠረጴዛ የሚወጣው፣ በእያንዳንዱ የደረጃዋ እርከን ሥር መሳቢያ ያላት ቤት፣ ገና ጢም ባላበቀሉ ልጆች አሠርተው ግቢዎ መሐል ስላቆሙ እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። በወላጆች ቀን ሊያዩዋት የመጡት ጎረቤቶቼ ከመግባታቸው በፊት ጫማቸውን ሲጠርጉ በዓይኔ አየሁ። እነዚሁ ሰዎች እኔ በሠራኋቸው ቤቶች ውስጥ ጭቃቸውን ይዘው ሲንጎራደዱ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረዋል። አንድ ጉድለት ባገኝ ብዬ በሩን አሥራ አንድ ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት፤ በሁለት ጣት ሲገፉት ይሄድና ጠቅ ብሎ ይገጥማል። አሥራ ሁለተኛው ላይ አንዲት ጨዋ ተማሪ ቀርባ፣ አባባ ብላ ጠርታኝ፣ መውጫው የጠፋኝ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀችኝ። ቅናት እንዳይመስልዎት ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን በግልጽ ደብዳቤ ላይ መዋሸት ነውር ነው። ቅናት ነው።

፪. ስለ እህቴ ልጅ

ከሃያ ሁለቱ አንዷ የታላቅ እህቴ ልጅ ናት። ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ሚስማር እያቀበለችኝ ያደገች፣ የምትናገረውን ሁሉ «ጋሼ እንዳለው» ብላ የምትጀምር ልጅ ነበረች። በእርስዎ ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ከቆየች በኋላ ግን ንግግሯ ሁሉ «ቲቸር እንዳለችን» ሆኗል። ቲቸር እንዳለችን ሲሚንቶው እንዲህ ይቦካል፣ ቲቸር እንዳለችን እንጨቱ በዚህ በኩል ይቆረጣል። ባለፈው ሳምንት ሻይ ስታማስል እንኳ ቲቸር እንዳለችን አለች። ንብረቴን እንዲመልሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

፫. ስለ ምርመራው

መምህሯ ተማሪዎቹ በሠፈሩ ካሉት ቤቶች አንዱን እየመረመሩ ሪፖርት እንዲጽፉ አዘዘች። ከዚያ ሁሉ ቤት የእህቴ ልጅ የመረጠችው የራሷን፣ ማለትም እኔ ለእናቷ የሠራሁትን ነው። ሲባጎና ሜትር ይዛ ሳሎኑ ጥግ ተንበረከከች፤ በአንዱ ግድግዳ ሦስት ሜትር፣ በሌላው አራት ሜትር ለክታ ምልክት አደረገች። ማዕዘኑ ትክክል ከሆነ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው አምስት ሜትር ይመጣል አለችን። አምስት ሜትር ከአሥራ ሁለት ሳንቲም መጣ። ቁም ሳጥኑ ለምን ከዚያ ጥግ ጋር እንደማይስማማ ሳይገባን ቤተሰቡ አሥራ አራት ዓመት አናጢውን ሲያማ ኖሯል፤ በዚያች ቅዳሜ ጥፋቱ በአንዴ ወደ እኔ ተዛወረ። አናጢውን በማማት ማንም የሚቀድመኝ ስላልነበረ ጉዳዩ የበለጠ ከበደኝ።

ሪፖርቱ በወላጆች ቀን ከፎቶግራፍ ጋር በትንሿ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አሥራ ሦስት ነጥብ አለው። ዋናው በር ያለ ትከሻ እንደማይከፈት፣ የወጥ ቤቱ ወለል ውሃውን ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ኮሪደሩ እንደሚሸኝ፣ መስኮቶቹ ወንድማማች እንጂ መንትያ እንዳልሆኑ ተጽፏል። አሥራ ሁለቱን ከጎረቤቶቼ ጋር እየሳቅሁ አነበብኩ፤ እንዲያውም ላልገባቸው አስረዳሁ። አሥራ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ግን መነጽሬን አውልቄ መጥረግ ነበረብኝ። እንዲህ ይላል፦ «የሠሪው እጅ ጥሩ ነው። የሚያሳየው ሰው አላገኘም።»

፬. ይህ አቤቱታ የመምህሯ ቱታ ለግንባታ ሥራ የማይገባ ንጽሕና አለው የሚል ነበር፤ ባለቤቴ አንብባው አስወጣችው።

፭. ስለ እናቴ ክፍል

ዋናው ይህ ነው። እናቴ የምትኖረው እህቴ ቤት ነው፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ መውጣት ትታ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ትተኛለች። ከጓሮ በኩል መሬት ላይ አንድ ክፍል ልሠራላት ቃል ገብቼ መሠረቱን ከቆፈርኩት ሦስት ዓመት ሆኖታል። የሰው ሥራ እየቀደመብኝ ስዘገይ ጉድጓዱ ውስጥ ድመት ወለደችበት፤ አሁን ልጆቿም ወልደውበታል። እህቴ ሪፖርቱን አንብባ ስትጨርስ አንድም ቃል ሳትነግረኝ ክፍሉ የሚቀጥለው ዓመት የተማሪዎች ሥራ እንዲሆን ለእርስዎ አመለከተች። እርስዎም በሦስተኛው ቀን፣ ማኅተም ባረፈበት ወረቀት፣ በደስታ ተቀብለነዋል ብለው ጻፉ። እኔ ሦስት ዓመት የፈጀብኝን ጉዳይ በሦስት ቀን ስለጨረሱት ቅልጥፍናዎን አደንቃለሁ።

ክፍሉን እኔ ካልሠራሁት ብላ ታለቅሳለች ብዬ ወደ እናቴ ሄድኩ። ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች ሙሉውን ሰማችኝና ጉልበቷን እያሸች፣ «ልጄ፣ በሩ ይዘጋልኝ እንጂ ማንም ይሥራው» አለችኝ።



፮. ስለ ፈረሰው ግድግዳ

ይህን ያወቅሁት ከእህቴ ልጅ ነው። ሥራው በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት የትንሿ ቤት የኋላ ግድግዳ ሁለት ጣት ያህል ያዘነብል ነበር አሉ። መምህሯ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበትን ክር፣ ቱንቢውን፣ አንጠልጥላ አሳየቻቸው፣ ራሳቸው እንዲያፈርሱት አደረገች፣ እንደገና ሲሠሩት አጠገባቸው ቆመች፤ በመጨረሻም ሙሉ ማርክ ሰጠቻቸው። ለማፍረስ ማርክ የሚሰጥበት አገር መኖሩን ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። እኔ ሙያ የጀመርኩት አሸዋ በመሸከም ነው። ዋናው ግንበኛ ፕላኑን ሲዘረጋ ጀርባውን ይሰጠኝ ስለነበር የተማርኩት በትከሻው ላይ አሻግሬ ባየሁት ልክ ነው። የመጀመሪያ ግድግዳዬ ያዘነበለው ከእነሱ በላይ ነበር፤ ባለቤቱ ቸኩሎ ነበርና አፍርሰው ያለኝ ሰው የለም። ለሰንነው፣ ቀባነው፣ ሰው ገባበት። ልጆችዎ ስህተታቸውን አፍርሰው ተምረዋል፤ የእኔ ስህተቶች ሰው ይኖርባቸዋል። በበሩም፣ በመሳቢያውም፣ በአጣጣፊው አልጋም ቀንቻለሁ፤ ሌሊት የሚያገላብጠኝ ግን ይህ ነው።

ስለዚህ የእናቴን ክፍል በሚመለከት የጻፉትን ደብዳቤ እንዲሽሩ አልጠይቅም። የምጠይቀው በሚቀጥለው ዓመት በግንባታው ክፍል ሃያ ሦስተኛ ተማሪ ሆኜ እንድመዘገብ ነው። የኋላ ወንበር ይበቃኛል። የደንብ ልብስ ካስፈለገ ሆዴን የሚያስገባ ይፈለግልኝ፤ አርፍጄ ወላጅ አምጣ ከተባልኩም እናቴን አመጣለሁ። ድመቶቹን ከነልጅ ልጆቻቸው በሰላም አስነሥቼ ጉድጓዱን ለልጆቹ አስረክባለሁ። ከክፍሉ አራት ግድግዳዎች አንዱን ግን፣ በሩ የሚገጠምበትን፣ እኔ ልሥራው፤ መምህሯም ቱንቢዋን ይዛ አጠገቤ ትቁም። ከዘመመ በልጆቹ ሁሉ ፊት አፍርሰው ትበለኝ። አፈርሰዋለሁ። ይህን ቃል የሚለኝ ሰው ሃያ ስድስት ዓመት ስጠብቅ ኖሬያለሁ።

ከማይጓደል አክብሮትና ከማይደበቅ ቅናት ጋር፣
አርባ አንድ ቤት ሠርቶ ስለ ስድስቱ በልበ ሙሉነት የሚናገር፣
ትናንት ሜትር የገዛ፣
የእርስዎ ታዛዥና የወደፊት ተማሪ
ኢንጂነር በዓይኔ

ግልባጭ፦
ለታላቅ እህቴ
ለእናቴ (ይነበብላት)
ለቁም ሳጥኑ አናጢ (ከይቅርታ ጋር)

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ምርመራው ሁለተኛ ዙር ስላለው የእህቴ ልጅ እኔ የሠራሁትን ሌላ ቤት እንድጠቁማት ጠይቃኝ የእርስዎን ጠቁሜያታለሁ። ከቀድሞው ባለቤት ስለገዙት አያውቁ ይሆናል፤ በሙያው በሁለተኛ ዓመቴ የሠራሁት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞቿ ጋር ሲባጎ ይዛ ትመጣለች። እስከዚያው ድረስ ከመኝታ ቤትዎ የራስጌ ግድግዳ ላይ ከባድ ነገር ባይሰቅሉ ደስ ይለኛል።