ለአረንጓዴዋ ቮልስ ጠባቂ ስለተሰጠው የሌባነት ማዕረግ

ለተከበሩ ዶክተር ሊዮንሲዮ ኡርቢና፣
የወንጀልና የማፈንገጥ ጥናት ተቋም ዳይሬክተር፣
ሊማ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ በሰበካ አዳራሻችን ካደረጉልን ረጅም ንግግር በኋላ ጉሮሮዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በኮረብታው ሰፈር የምኖር ኤርሜሊንዳ ዋማኒ የተባልኩ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ከሁሉ አብልጣ ያጨበጨበችው ሴትዮ እኔ ነኝ። ያንን ጭብጨባ መልሼ መውሰድ ስለፈለግሁ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ጻፍኩልዎ።

በቅድሚያ ሰፈራችንን ለጥናት ስለመረጡ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ውሃ ሲቋረጥብን ዞር ብሎ የሚያየን አልነበረም፤ እርስዎ ግን አንዲት አረንጓዴ ቮልስ መንገዳችን ላይ አስቁመው፣ ማን እንደሚዘርፋት እንዲያዩ ሁለት ተማሪዎችዎን ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለው ክፍል አስቀመጡልን። ይህን ያህል ያሰበልን ሰው የለም።

ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ተቋምዎ ቁጥር እንደሚወድ አይቻለሁና።

አንደኛ። በዚህ ከተማ መኪናውን አቁሞ የሚሄድ ሰው የመስታወት መጥረጊያውን ነቅሎ ይዞ እንደሚሄድ እርስዎም ያውቃሉ፤ ለንግግሩ የመጡ ዕለት ሹፌርዎ ሲነቅል አይቻለሁ። ቮልሷ ግን ከነመጥረጊያዋ ከነባትሪዋ ውላ አደረች። መኪና ጠባቂያችን ዶን አንሴልሞ ዙሪያዋን ዞሮ አይቷት፣ «ይሄ ሰውዬ ወይ ላገሩ እንግዳ ነው፣ ወይ ታሟል። በሉ እስኪመጣ እናስቀምጥለት» አለን። መጥረጊያውን ለእኔ ሰጠኝ፣ ባትሪውን እሱ ወሰደ፣ ጎማዎቹን ደግሞ ዳቦ ጋጋሪው ከዱቄት ጆንያዎቹ ጀርባ አኖራቸው። ቮልሷንም ድንጋይ ላይ አስቀምጠን ሸራ አለበስናት። ተማሪዎችዎ ይህን ሁሉ ከመስኮት ሆነው «ዝርፊያ» ብለው መዘገቡት። ወርደው ቢጠይቁን እንነግራቸው ነበር፤ ጥናቱ እንዳይበላሽ ፈርተው ይሆናል።

ሁለተኛ። እርስዎ እኛን ሲጠረጥሩ እኛም ተማሪዎችዎን ስንጠረጥር መክረማችንን መደበቅ ነውር ነው። መጋረጃ የማይገልጡ፣ ትኩስ ዳቦ ከታች እየሸተታቸው የማይገዙ፣ ሰላም ሲባሉ ጫማቸውን የሚያዩ ሁለት ጎረምሶች ነበሩ። አከራያቸው ዶኛ ኤዱቪሂስ፣ «እነዚህ ልጆች ለእቺ መኪና አድብተው ነው እኮ! አንቺ፣ ዓይንሽን ከእነሱ ላይ እንዳትነቅዪ» ብላኛለች፤ ባትሪው ቶሎ የተነቀለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሰው ማፈንገጥን የሚማረው አብሮት ከሚውለው ሰው ነው ብለው አስተምረውናል። ልጆቹ ደግሞ ከእርስዎ በቀር ከማንም ጋር አይውሉም ነበር። መደምደሚያውን ለሳይንስ እተዋለሁ።

ሦስተኛ። ዶን አንሴልሞ ጎማ ተሸክሞ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ ሲበራ፣ እኛ ሊሸልሙት መስሎን አዳራሹን በጭብጨባ አናወጥነው። «አንሴልሞ፣ ተነስና ይዩህ እንጂ!» ተባለ፤ ተነሣ፣ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ። በክብር እንግድነት የጋበዟቸው የፖሊስ አዛዥም ማንን እንደሚይዙ በዚህ አወቁ። ከጥቂት ደቂቃ በፊት፣ ሰው ሌባ ሌባ ከተባለ ሌላ መሆን ይቸግረዋል ብለው በሚያምር አንደበት አስረድተውን ነበር። ምሳሌውን እዚያው በዓይናችን ስላሳዩን እናመሰግናለን።

ዕቃው በማግስቱ ተመልሷል፤ ጎማዎቹ ታጥበው፣ መጥረጊያው በጨርቅ ተጠቅልሎ። ዶን አንሴልሞ ግን እንደታሰረ ነው፤ ተቋምዎ የመኪናዋ ራዲዮ ጠፍቷል ብሎ ከሶታልና። ዳኛው የፊታችን ሐሙስ ያዩታል። ከተፈረደበት ማንም መኪናውን በእሱ እጅ ጥሎ አይሄድም፤ ሌላ መተዳደሪያ ደግሞ የለውም። ሚስቱ ትኩስ የገብስ መጠጥ ይዛ ጣቢያው በር ላይ ትውላለች፣ አያስገቧትም። ተናድጃለሁ ክቡርነትዎ፤ ይህንን በትሕትና የምናገርበት ቃል አጣሁ። ሐሙስ ተገኝተው፣ ቮልሷ የተጠበቀች እንጂ የተዘረፈች አለመሆኗን እንዲመሰክሩ እጠይቃለሁ።

በእርስዎ ትምህርት ብርሃን ጎረቤቷን ሌባ ሆኖ ለማየት የበቃች፣ ለጥናትዎ አንድ ሰው የገበረ ሰፈር ነዋሪ፣ ታዛዥዎ

ኤርሜሊንዳ ዋማኒ

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ላሽግ ስል ዶኛ ኤዱቪሂስ እየሮጠች መጣች። ተማሪዎችዎ የለቀቁትን ክፍል ስትጠርግ የቮልሷን ራዲዮ ከአልጋው ሥር፣ ከአንድ አሮጌ ባትሪ ጋር በሽቦ እንደተያያዘ አገኘችው። ለካ የእግር ኳስ ጨዋታ በነበረበት ምሽት ከዚያ መጋረጃ ጀርባ «ጎል!» ሲባል የሰማነው ከእሱ ኖሯል። ለዳኛው እንዳንወስደው፣ «ይኸው እናንተው ጋ ተገኘ» እንዳንባል ፈራን፤ ስለዚህ አልነካነውም። እርስዎ ከፖሊስ አዛዡ ጋር መጥተው ያንሡት፤ ወይም እንደለመዱት ሌላ ሰው ይላኩ። በሩ አልተቆለፈም። ማን እንደሚወስደው ለማወቅ ከመንገዱ ማዶ መጋረጃ ዘግተን ተቀምጠናል።