አፉ የተወተፈ ጡሩምባ

ጥቅምት 10
ሥልጠና ተጀመረ። ከጭማቂ ፋብሪካችን የተላክነው እኔና ጋሽ ደግነት ነን። እሳቸው የቦይለሩ፣ ማለትም የእንፋሎት ማሞቂያው፣ ኃላፊ፣ እኔ ገና በሙከራ ላይ ያለሁ ቴክኒሻን። ምሳ የጫሞ ሐይቅ አሳ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ደግነት አንቀላፉ።

ጥቅምት 11
አሠልጣኟ፣ ኢንጂነር ብሩክታዊት፣ ስለ መከላከያ ሥርዓት ደረጃዎች አስረዱን። "ሴንሰሩ ያያል፣ መቆጣጠሪያው ይወስናል፣ ቫልቩ ይዘጋል። አንዱን ካለፋችሁት መከላከያ የላችሁም፤ ያላችሁ ይመስላችኋል እንጂ።"

የእኛ ቦይለር... ውሃችን ጨው ስለሚበዛው የውሃውን መጠን የሚያየው ሴንሰር ቅርፊት እየያዘ በየሰበቡ ሥራ ያስቆም ነበር። ሰዎቹ ገመዱን በሽቦ አገናኝተው አለፉት። የማስጠንቀቂያ ጡሩምባውም አደነቆረን ተብሎ አፉ በደረቀ የሙዝ ቅጠል ተወትፏል። ስንስቅበት ከረምን!

ውሃው የእውነት ቢያልቅስ? ቦይለሩ ሳይፈነዳ ማን ያቆመዋል? ከግድግዳው ጀርባ እኮ እህቴ ሻሺቱ ሙዝ ትልጣለች።

ጥቅምት 12
በሻይ ሰዓት ለጋሽ ደግነት ነገርኳቸው።
"ልጄ፣ ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ይሄን ያህል ዘመን ምን ሆነ?"
"እስኪሆን እንጠብቅ?"
ሻያቸውን ጨለጡ። ኋላ ግን፣ "ነገሩን ካነሳሽው ሁለታችንም ጎዳና ላይ ነን።"
ያስቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው... ምን ባደርግ ይሻላል?

ጥቅምት 14
ሥራ ገባሁ። ቦይለሩ ሲያጓራ ዓይኔ በሩን ይፈልጋል። ድሮም እንዲህ ነበር?
ሻሺቱን "ዛሬ አትግቢ" አልኳት። ሳቀችብኝ። "ሥልጠናው ፈሪ አደረገሽ እንዴ?"
አዎ። አደረገኝ።

ጥቅምት 17
ለሥራ አስኪያጁ፣ ለአቶ አለምሰገድ፣ ነገርኩ። ማን እንዳሰረው ግን አልተናገርኩም።
"ሴንሰር ስታጸጂ ከላንቴ እርሻዎች የመጣው ሙዝ መኪና ላይ ይበስብስልሽ?"
ጋሽ ደግነት በሩ ጋ ቆመው መሬት መሬቱን ያያሉ። ከምሳ በኋላ "የሙከራ ጊዜሽን አላለፍሽም" ተባልኩ።
ሻሺቱ እንድትቀር ለመንኳት። "ሁለታችንም ቤት ከዋልን ምን ልንበላ ነው?"

ጥቅምት 20
ቤት። በር በተንኳኳ ቁጥር እደነግጣለሁ።

ጥቅምት 22
ልብስ እያጠብኩ ነበር። ጮኸ። ጡሩምባው! ከቤት ሆኜ ሰምቼው አላውቅም። አረፋ በእጄ እንዳለ ሮጥኩ።

ሠራተኛው በሙሉ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ሻሺቱ... አለች። ቢላዋዋን እንኳ አላስቀመጠችም። አቅፌያት አለቀስኩ። ፓምፑ ተበላሽቶ ውሃው አልቆ ኖሯል። ቦይለሩ ራሱን አጠፋ።

ጋሽ ደግነት ግንብ ተደግፈው ተቀምጠዋል። "ሽቦውን በሄድሽ ማግስት ፈታሁት" አሉኝ። "ቅጠሉንም አወጣሁ። ሴንሰሩን በየጠዋቱ አጸዳለሁ። ፈርቼ ለማንም አልነገርኩም።"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጡሩምባው እንደጮኸ ነው፤ ገብቶ የሚያጠፋው ሰው ጠፋ።

ይጩህ።